ወፍራሙን ድምፅ ፍለጋ፦ ሰብዉፈርና የቤት ስቴሪዮ

ሁለት ጥሩ ስፒከሮችና አንድ አምፕሊፋየር ያለው ሙዚቃ ወዳድ፣ ይዋል ይደር እንጂ ከአንድ ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አይቀርም፤ ሰብዉፈር ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልስ ሰጪዎቹ ግን በሁለት ጎራ ተከፍለው መከራከር ከጀመሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆናቸው ነው። አንደኛው ወገን «ያለ ሰብዉፈር የሚሰማ ሙዚቃ ጎዶሎ ነው» ይላል። ሌላው «ሰብዉፈር የፊልም ዕቃ ነው፤ ሙዚቃ ያበላሻል» ባይ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት በጆሯቸው የሰሙትን ነው። የሰሙት ግን በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ አቀማመጥ ነው።

ይህ ዳሰሳ ክርክሩን ከነማስረጃው ይመለከታል፤ ገንዘብና ጉልበትም የት ላይ ቢውል እንደሚያዋጣ ይጠቁማል። ድምዳሜውን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ሰብዉፈር በአግባቡ ከገባ የስቴሪዮ ባለውለታ ነው። በአግባቡ መግባቱን የሚወስነው ግን የኮኑ ስፋት ወይም የዋቱ ብዛት ሳይሆን ክፍሉና አቀማመጡ ነው።

ከታች ያለው ምንድን ነው?

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ሰብዉፈርን የሚመለከተው የዚህ ስፋት የታችኛው ጫፍ፣ ባብዛኛው ከ20 እስከ 80 ኸርዝ ያለው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በጣት ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ይሰጣል፤ ባለ አምስት ክሩ እስከ 31፣ ፒያኖ ደግሞ እስከ 27.5 ይወርዳል። ባለ 5 ወይም ባለ 6 ኢንች ዉፈር የሆኑት የመደርደሪያ ስፒከሮች ከ50 ወይም ከ60 ኸርዝ በታች ጉልበት እየከዳቸው ይሄዳል። ስለዚህ የቤዝ ጊታሩን የመጨረሻ ጥቂት ኖታዎች በሙሉ ክብደታቸው ማውጣት አይችሉም።

«እኔ ግን እነዚያን ኖታዎች በትንሿ ስፒከሬ እሰማቸዋለሁ» የሚል ሰው አልዋሸም። አንድ ክር ሲመታ መሠረታዊውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የእሱን እጥፍ፣ ሦስት እጥፍና አራት እጥፍ የሆኑ ድምፆችንም አብሮ ያወጣል። አእምሮ እነዚያን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በስልክ ስፒከር እንኳ የቤዙን መስመር መከተል የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ትንሿ ስፒከር የምትከለክለን ዜማውን አይደለም፤ ክብደቱን ነው።

ጆሮም የራሱ ጠባይ አለው። ሃርቪ ፍሌቸርና ዋይልደን መንሰን የተባሉት የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጆሯችን ለወፍራም ድምፅ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለክተው አሳዩ። በ2003 በታደሰው አይኤስኦ 226 የተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት፣ የ1,000 ኸርዝ ድምፅ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ላይ መሰማት ሲጀምር፣ የ40 ኸርዙ ወደ 51፣ የ20 ኸርዙ ደግሞ ወደ 78 ዴሲቤል እስኪደርስ ድረስ ጨርሶ አይሰማም። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሙዚቃው ቀነስ ሲደረግ ቀድሞ የሚጠፋው ቤዙ ነው። ሁለተኛ፣ ከታች በኩል በ«አይሰማም» እና በ«በዛ» መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ መሃል ላይ ያለ ድምፅ በ3 ዴሲቤል ቢዛነፍ ሰሚው ልብ ላይለው ይችላል፤ ቤዝ በዚያው ልክ ሲዛነፍ ግን ሙዚቃው ሁሉ ይከብዳል። የሰብዉፈር ማስተካከያ ትዕግሥት የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ቅጂው ውስጥ የሌለ ከስፒከር አይወጣም

ሰብዉፈር የሚያወጣው የተቀዳውን ነው። በሸክላ ዘመን ከባድ ቤዝ መቅረጽ የመርፌውን መስመር ስለሚያሰፋና የሸክላውን ደቂቃ ስለሚያሳጥር፣ ቀራጮች ዝቅተኛውን ድምፅ ይቆጥቡ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ካቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ጀምሮ በሸክላ የወጡትን የአዲስ አበባ ቅጂዎች የሚወድ ሰው፣ በሰብዉፈር የሚያገኘው የቤዝ ጊታሩን ሙላትና የድራሙን አካል እንጂ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ነገር አይደለም። እጅ በእጅ ሲባዛ የኖረ ካሴት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሰጣል። ሸክላ ለሚያጫውት ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ሸክላው ትንሽ ከተጣመመ መርፌው ለጆሮ የማይሰማ ዝግተኛ ንቅናቄ ያነሳል፤ ሙዚቃ ሳይኖር የሰብዉፈሩ ኮን ወደፊትና ወደኋላ ሲዋዥቅ የሚታየው ለዚህ ነው። ከ20 ኸርዝ በታች የሚቆርጥ ማጣሪያ ያለው ፎኖ ፕሪአምፕ ይህን ያስቀራል።

በገና የሚሰማ ሰውም ከሰብዉፈር ብዙ አይጠብቅ። በገና ባለ አሥር ክር ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ መለያው የሆነው ንዝረት ግን በክሩና በብርኩማው መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ ነውና አብዛኛው ከሰብዉፈር ክልል በላይ ነው ያለው። እሱን የሚያሳምሩት ዋናዎቹ ስፒከሮች ናቸው። በተቃራኒው በኪቦርድ የተሠራ ቤዝ፣ የዛሬ ስቱዲዮዎች የሚያወጧቸው ዘፈኖች፣ ሬጌና ሂፕ ሆፕ ከ50 ኸርዝ በታች ብዙ አላቸው። «ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያ መልሱን የሚያገኘው ከሚሰማው ሙዚቃ ነው።

ከፊልም ቤት የተረፈ ስም

ቤዝን በትንሽ ሳጥን የማውጣት ታሪክ የሚጀምረው ከሙዚቃ ነው። ኤድጋር ቪልቸር በ1954 ከሄንሪ ክሎስ ጋር በማሳቹሴትስ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ ኤአር-1ን አወጣ። አየር በማያስገባ ሳጥን የታፈነው አየር ኮኑን እንደ ስፕሪንግ እየመለሰው፣ እስከዚያ ድረስ ግዙፍ ሳጥን ይጠይቅ የነበረ ቤዝ ከመደርደሪያ ወጣ። ኢንፊኒቲ በ1968 ሰርቮ ስታቲክ ብሎ ባቀረበው ሲስተም ደግሞ ቤዙ ባለ 18 ኢንች ዉፈር ይዞ ለብቻው ቆመ።

ስሙን ለሕዝብ ያስተዋወቀው ግን ሲኒማ ነው። «ኧርዝኩዌክ» የተባለው ፊልም በ1974 ሴንሰራውንድ በሚባል ዘዴ አዳራሽ እያንቀጠቀጠ ታየ። የሉካስ ፊልም ቲኤችኤክስ በ1983 ተከተለ፤ በኋላ ለቤት ቴአትር ባወጣው መስፈርት 80 ኸርዝን በሰብዉፈሩና በስፒከሮቹ መካከል መለያያ አድርጎ አጸናው። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ ዲጂታል ሲወጣ 5.1 የሚባለው አደረጃጀት ተለመደ። ነጥብ አንዷ ለፍንዳታና ለነጎድጓድ ብቻ የተመደበች የቤዝ መስመር ናት፤ ሲጫወትም ከሌሎቹ በ10 ዴሲቤል ከፍ ብላ እንድትወጣ ነው የተበጀችው።

ስቴሪዮ ሙዚቃ ይህ ተጨማሪ መስመር የለውም። ሰብዉፈሩ የሚሠራው የግራውንና የቀኙን የታችኛውን ክፍል ተረክቦ ነው። ለፊልም በተስተካከለ ሰብዉፈር ሙዚቃ ሰምቶ «ይደበድባል» ብሎ የፈረደ ሰው የሰማው እውነት ነው፤ የፈረደው ግን በዕቃው ላይ ሳይሆን በአስተካከሉ ላይ ነው።

ሦስቱ ክሶች

የመጀመሪያው ክስ «ሰብዉፈር ዘገምተኛ ነው፤ ትልቅ ኮን ቶሎ አይንቀሳቀስም» የሚል ነው። ይህ አይጸናም። 50 ኸርዝ የሚያወጣ ኮን ትልቅም ሆነ ትንሽ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የድራሙ ምት ስለት የሚሰማው ከላይኛው ድምፅ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያወጡት ዋናዎቹ ስፒከሮች ናቸው። ዝግታ ሆኖ የሚሰማው ምቱ ካበቃ በኋላ ክፍሉ ውስጥ እያስተጋባ የሚጎተተው ጅራት ነው።

ሁለተኛው «ድምፁ ከጥግ እንደሚመጣ ይታወቃል» የሚለው ነው። ይህ እንደ ሁኔታው ነው። የ80 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 4.3 ሜትር ነው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለው ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር በማይሞላበት ራስ አቅጣጫውን መለየት ይከብዳል። ነገር ግን ተዘጋጅተው የሚሸጡት ርካሽ ባለ ሁለት ነጥብ አንድ ስብስቦች ትንንሾቹ ስፒከሮቻቸው አቅም ስለሌላቸው እስከ 150 ኸርዝና ከዚያም በላይ ያለውን ለሰብዉፈሩ ያሸክሙታል። የወንድ ድምፅ ደግሞ ከ85 ኸርዝ ገደማ ይጀምራል። ያን ጊዜ ዘፋኙ ግማሹ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ግማሹ ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ ይዘፍናል። የሚንቀጫቀጭ ብርጭቆና ከሳጥኑ ቱቦ የሚወጣ የአየር ሹክሹክታም ቦታውን ያጋልጣሉ።

ሦስተኛው «ከስፒከሮቹ ጋር አይዋሃድም» ይላል። ይህ ክስ እውነት አለው፤ አብዛኛው ሰው ሰብዉፈሩን ባዶ ቦታ በተገኘበት ሰክቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚተወው ነው። የቀረው ዳሰሳ በዚህ ላይ ያተኩራል።

ዳኛው ክፍሉ ነው

ድምፅ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ፣ ርቀቱ ከሞገዱ ግማሽ ጋር የሚገጥምበት ኖታ ላይ ክፍሉ ራሱ ያስተጋባል። የፊዚክስ ሰዎች ቋሚ ሞገድ ይሉታል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሰከንድ 343 ሜትር የሚጓዘውን የድምፅ ፍጥነት ለግድግዳዎቹ ርቀት እጥፍ ማካፈል ነው። 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው 2.8 ሜትር ላይ ያለ ሳሎን ብንወስድ፣ በርዝመቱ 34፣ በስፋቱ 43፣ በቁመቱ 61 ኸርዝ ላይ ያስተጋባል።

አሁን ቤዝ ተጫዋቹ ከታች ተነስቶ ኢ (41 ኸርዝ)፣ ኤፍ (44)፣ ጂ (49) እያለ ሲወጣ እንስማው። ሶፋው ከስፋቱ አንደኛው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ከሆነ፣ ኤፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ያብጣል፤ ጂ ላይ ወደ ልኩ ይመለሳል። ሶፋው ወደ ስፋቱ መሃል ቢሳብ ደግሞ ያው ኤፍ እጅግ ይሳሳል። ተጫዋቹ ሦስቱንም በእኩል ጉልበት ነው የመታቸው፤ አንዱን ያሳበጠውና ያከሳው ክፍሉ ነው። የሺህ ዶላሩ ሰብዉፈርም ሆነ ርካሹ በዚህ ክፍል ውስጥ ከዚህ አያመልጥም።

4 በ4 የሆነ ክፍል ይብሳል፤ በርዝመትም በስፋትም 43 ኸርዝ ላይ ስለሚያስተጋባ ችግሩ ይደራረባል። የግድግዳው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በአሜሪካ ብዙው ቤት በእንጨት ማገርና በጂፕሰም ቦርድ የተሠራ ስለሆነ ግድግዳው ራሱ እየተርገበገበ የቤዙን ከፊል ይውጣል፣ ከፊሉንም ያሳልፋል። የኮንክሪትና የብሎኬት ግድግዳ ግን መልሶ ወደ ውስጥ ይወረውረዋል። ሜሪላንድ ሳሎን ውስጥ ረጋ ብሎ ይሰማ የነበረ ሰብዉፈር አዲስ አበባ መጥቶ ሲያጉረመርም ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ለዚህ መድኃኒት ተብሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ቀጭን ስፖንጅ ለላይኛው ድምፅ እንጂ ለቤዝ አይፈይድም። የ43 ኸርዝ ሞገድ ሩቡ ብቻ 2 ሜትር ነው፤ ሁለት ጣት ስፖንጅ ይህን አያስቆምም። ምንጣፍና መጋረጃም እንደዚያው ናቸው። ለአብዛኛው ቤት የቀረው አማራጭ አቀማመጥ፣ ማስተካከያና ቁጥር ነው።

በእንብርክክ ቦታ መፈለግ

ያለ አንዳች መሣሪያ የሚሠራ የቆየ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩ ሰሚው በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ፣ ከተቻለም በጆሮ ከፍታ ይቀመጣል። የቤዙ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የታወቀ ዘፈን ተመርጦ እንዲደጋገም ይደረጋል። ከዚያ ሰውየው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ሰብዉፈሩ ሊቀመጥባቸው በሚችሉ ቦታዎች ሁሉ ጆሮውን ዝቅ አድርጎ በግድግዳው ጥግ ጥግ ይሄዳል። አንዱ ጋ ቤዙ ያብጣል፤ ግማሽ እርምጃ ሲሄድ ይጠፋል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ኖታዎቹ እኩል፣ አንዱ ከአንዱ ተለይተው ይሰማሉ። የሚፈለገው በጣም የሚጮኸው ቦታ ሳይሆን እኩል የሚሰማው ነው። ሰብዉፈሩ እዚያ ይቀመጣል፤ ሰሚው ወደ ሶፋው ይመለሳል። ድምፅ ከሀ ወደ ለ የሚሄድበት መንገድ ከለ ወደ ሀ ከሚመለስበት ጋር አንድ ስለሆነ ነው ዘዴው የሚሠራው።

ማዕዘን ሁሉንም የክፍሉን አስተጋቢ ኖታዎች በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል። አቅም ላነሰው ሰብዉፈር ጉልበት ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሁሉም ያልተስተካከለው ቦታ እሱ ነው። ፍለጋው ካልተመቸ ሰብዉፈሩን በፊት ለፊቱ ግድግዳ ከሁለቱ ስፒከሮች ባንዱ አጠገብ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው።

ገመዱ በየት ይግባ?

ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ለሰብዉፈር የተለየ መውጫ ያለውና መለያያውን ራሱ የሚያስተዳድር አምፕሊፋየር ነው። የቤት ቴአትር ሪሲቨሮች ሁሉ ይህ አላቸው፤ ዛሬ ደግሞ እንደ ዊም አምፕ፣ ብሉሳውንድ ፓወርኖድና ሶኖስ አምፕ ያሉ በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያጫውቱ ትንንሽ አምፕሊፋየሮችም ይዘውታል። ትልቁ ጥቅሙ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ከዋናዎቹ ስፒከሮች ላይ ማንሳቱ ነው። አንድ ኮን እኩል ድምፅ እያወጣ በአንድ ኦክታቭ ሲወርድ አራት እጥፍ ርቀት መጓዝ አለበት፤ ይህ ሸክም ሲነሳለት ትንሹ ስፒከር መሃሉን ድምፅ ይበልጥ አጥርቶ ያወጣል። ብዙ ሰው ሰብዉፈር ጨምሮ «ድምፃዊው ጠራልኝ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፕሪአውት ከሚባለው መውጫ በአርሲኤ ገመድ መውሰድ ነው፤ ዋናዎቹ ስፒከሮች ሙሉውን እየተጫወቱ ሰብዉፈሩ ከታች ይደግፋል። ሦስተኛው ለስፒከር ከሚሄደው ሽቦ ላይ መቀጠል ነው። ሪቻርድ ሎርድ በ1990 በዌልስ ያቋቋመው አርኢኤል በዚህ ዘዴ ይታወቃል፤ ምንም ተጨማሪ መውጫ ለሌለው የድሮ አምፕሊፋየር ብቸኛው መፍትሔ ይህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አንዳንድ ክላስ ዲ አምፕሊፋየሮች አሉታዊው ጫፋቸው ከግራውንድ ጋር ስለማይገናኝ ሽቦው በዘፈቀደ ከተያያዘ ሊቃጠሉ ይችላሉ። የሁለቱንም ዕቃዎች መመሪያ ሳያነቡ ሽቦ መላጥ አይገባም።

ሦስቱ ማዞሪያዎች

ከጀርባ ያሉት ማዞሪያዎች ሦስት ናቸው፤ መለያያ፣ ፌዝና መጠን። ለመደርደሪያ ስፒከር 80 ኸርዝ፣ መሬት ለሚቆመው ከ50 እስከ 60 ጥሩ መነሻ ነው። ዋናዎቹ ስፒከሮች ሳይቆረጡ ሙሉውን የሚጫወቱ ከሆነ ግን ከዚያም ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ አለዚያ ሁለቱም አንዱን ሥራ እየደገሙ ድምፁን ያደልቡታል።

ፌዝን ለማስተካከል ሁለት ሰው ይበቃል። በመለያያው አካባቢ ያለ ድምፅ ይጫወታል፤ አንዱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ሌላው መቀየሪያውን ከ0 ወደ 180 ይመላልሳል። ቤዙ የሚሞላበት ትክክለኛው ነው። የሚሳሳበት ከሆነ ሰብዉፈሩና ስፒከሮቹ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነው ማለት ነው። ሰብዉፈሩ ከስፒከሮቹ ርቆ ከቆመ በየሜትሩ ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ስለሚዘገይ፣ የርቀት ማስተካከያ ያለው አምፕሊፋየር ይህን ማካካስ ይችላል።

መጠኑ መጨረሻ ይመጣል። ከዜሮ ተነስቶ ሰብዉፈሩ መኖሩ እስኪታወቅ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ እስኪረሳ ድረስ መቀነስ ነው። ልኩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው፤ ማብሪያው ሲዘጋ ሙዚቃው ከቀለለ፣ ሲበራ ደግሞ ሳጥኑ ትዝ ካላለ ተስተካክሏል። ዘፈን በተቀየረ ቁጥር ማዞሪያው ጋ መሄድ የሚያምረው ሰው ያልተስተካከለ ነገር አለው፤ አብዛኛውን ጊዜም አቀማመጡ ነው።

ከጆሮ አልፎ መለካት ለሚፈልግ፣ ጆን መልኬይ ያዘጋጀው ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ መለኪያ ማይክሮፎን ብቻ ነው የሚገዛው። ያበጠውን ኖታ በኢኳላይዘር መቀነስ ይቻላል። የጠፋውን ለመሙላት መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ 10 ዴሲቤል መጨመር አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል፣ ክፍሉም የተጨመረውን መልሶ ያጠፋዋል። የጠፋ ኖታ የሚመለሰው ሶፋውን ወይም ሰብዉፈሩን በማንቀሳቀስ ነው።

አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ?

በዚህ ላይ ጥሩ ጥናት አለ። ሃርማን በተባለው የድምፅ ዕቃ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ቶድ ዌልቲ በ2002 ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ሥራ «ስንት ሰብዉፈር ይበቃል?» ብሎ ጠይቆ ብዙ አቀማመጦችን አነጻጸረ። አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ሁለት ሰብዉፈሮች ትይዩ በሆኑ ግድግዳዎች መሃል መሃል ላይ ሲቀመጡ፣ ቤዙ ከመቀመጫ ወደ መቀመጫ የሚያሳየው ልዩነት በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። አራት ሲሆኑ ትንሽ ይሻላል፤ ከአራት በላይ መጨመር ግን የሚያስገኘው እምብዛም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ከተቃራኒ ግድግዳ አንድ ዓይነት ድምፅ ሲለቁ፣ በመካከላቸው ያለውን የመጀመሪያ ቋሚ ሞገድ አንዱ የአንዱን ያጠፋል።

ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ በየመቀመጫው ለሚሰማበት ሳሎን ሁለት መጠነኛ ሰብዉፈሮች ከአንድ ግዙፍ ይበልጣሉ። ብቻውን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ግን በጥንቃቄ የተቀመጠ አንድ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ኢንች፣ ሳጥን፣ ዋት

ገበያ ላይ የሚጮኸው ቁጥር ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ ፒኤምፒኦ ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ዋት የተጻፈበት ዕቃ፣ የተጻፈው ስለ ዕቃው አቅም ብዙም አይናገርም፤ ፒኤምፒኦ ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የለውም። የሚጠየቀው የአርኤምኤስ ዋት ነው፤ ከእሱ ይበልጥ ደግሞ በስንት ኸርዝ ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ። ባለ 12 ኢንች ኮን ከባለ 10 ኢንቹ 44 በመቶ ሰፊ ነው፤ ልዩነቱ የሚሰማው ለትልቅ ክፍል ነው እንጂ ለመኝታ ቤት አይደለም።

ዝግ ሳጥን ከአቅሙ በታች ሲወርድ በዝግታ ነው የሚከስመው፤ ትንሽና ዝግ ክፍል ደግሞ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚያግዘው ለሙዚቃና ለጠባብ ቤት ይስማማል። ቱቦ ያለው ሳጥን ከ20 እስከ 30 ኸርዝ አካባቢ በብዙ ይበልጣል፤ ከቱቦው ቃና በታች ግን በድንገት ይወድቃል፤ ሳጥኑም ግዙፍ ነው። ፊልም ለሚያበዛና ሰፊ ሳሎን ላለው እሱ ይመረጣል። ሙዚቃ ብቻ ለሚሰማ ልዩነታቸው በአቀማመጥ ከሚመጣው ለውጥ ያንሳል።

መብራትና ጎረቤት

ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ መጀመሪያ የሚታየው ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት 60 ኸርዝ። መቀያየሪያ የሌለው የአሜሪካ ሰብዉፈር በቀጥታ ከተሰካ ያለቀለት ነው፤ አቅሙን የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ሰብዉፈር ሲጨመር «እምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አምፕሊፋየሩና ሰብዉፈሩ ከተለያየ ሶኬት መሳባቸው ነው፤ ከአንድ ዲቫይደር ማብላት ይሞከር። የመሬት መስመሩን እግር ቆርጦ መጣል ድምፁን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሰውንም ሊገድል ይችላል።

ጎረቤትን በተመለከተ በስልክ ላይ ባለ የድምፅ መለኪያ መተማመን ያሳስታል። አብዛኞቹ የሚለኩት ኤ በሚባለው ሚዛን ሲሆን፣ ይህ ሚዛን 63 ኸርዝ ላይ 26፣ 31.5 ኸርዝ ላይ 39 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስልኩ «ዝቅተኛ ነው» እያለ የኮንዶሚኒየሙ የታችኛው ፎቅ ጣሪያ ሊያጉረመርም ይችላል። ከሥሩ የሚደረግ ጎማ ወደ ወለሉ የሚያልፈውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን ግን አያስቆምም። የታችኛውን ፎቅ ሰው ቀድሞ አነጋግሮ ሰዓት መስማማት፣ በሌሊትም ሰብዉፈሩን ማጥፋት ከጎማው ይበልጣል።

ፍርዱ

ሰብዉፈር የማያስፈልገው ሰው አለ። እስከ 35 ኸርዝ የሚወርዱ የወለል ስፒከሮች ያሉት፣ የድሮ ካሴትና በገና የሚያዘወትር፣ ወይም ከጎረቤት በአንድ ስስ ግድግዳ የተለየ ሰው ገንዘቡን ቢያስቀምጥ አይጸጸትም። ትንንሽ ስፒከር ላለውና ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ለሚሰማ ግን፣ ውድ ገመድ ወይም አዲስ አምፕሊፋየር ከመግዛት ይልቅ በልክ የገባ ሰብዉፈር የሚያመጣው ለውጥ ይበልጣል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ያሉትን ስፒከሮች ወደ ግድግዳ ጠጋ፣ ሶፋውንም ከግድግዳ ራቅ አድርጎ መስማት፤ ይህ ምንም አያስወጣም፣ አንዳንዱን ሰው ከመግዛት ያድነዋል። ካልበቃ፣ አንድ መጠነኛ ዝግ ሳጥን ገዝቶ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ለቦታ ፍለጋ መስጠት። ከዚያ መለኪያ ማይክሮፎን። ሁለተኛ ሰብዉፈር የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይዘው ሳሎንዎን ይለኩ፤ የትኛው ኖታ እንደሚያስቸግርዎ የሚነግርዎ ሻጩ ሳይሆን ያ ልኬት ነው።